የአያትዎ ስም የት ተጽፏል?

ስድስት ኪሎ ከታክሲ ይውረዱና የሰማዕታት ሐውልቱን አልፈው ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይዝለቁ። በዛፎቹ መካከል የሚያገኙት የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። የእቴጌ መነንን መኝታ ክፍል ጎብኚ ሁሉ ያየዋል። እርስዎ ግን በዚያ አይመለሱ፤ መታወቂያዎን ይዘው ወደ ተቋሙ ቤተ መጻሕፍት ጎራ ይበሉ።

«የሴቶች ታሪክ» ብለው ብቻ ከጠየቁ ብዙ ያመልጥዎታል። አንድ ስም ይዘው ይሂዱ፤ ለምሳሌ ስንዱ ገብሩን። በወረራው ጊዜ ጣሊያን አገር ታስረዋል፣ «የልቤ መጽሐፍ»ን ጽፈዋል፣ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል። የእኛ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አለመቀየሯ ለፈላጊ በረከት ነው። የውጭ አገር ካታሎጎች ግን አንዳንዴ «ገብሩ»ን ስለሚያስቀድሙ በሁለቱም ስም ይፈልጉ። በላቲን ፊደል አጻጻፉም ይለያያል፤ አንዱ እምቢ ካለ ሌላውን ይሞክሩ። አሁንም ካጡ የአባትን፣ የባልንና የልጅን ስም ያስሱ፤ ብዙ ሴቶች «የእገሌ ባለቤት» ተብለው ነው የተመዘገቡት።

ስድስት ኪሎ ለሚርቅብዎ በኢንተርኔት የሚገባበት በር አለ። አሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ከገዳማትና ከአብያተ ክርስቲያናት የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ይዟል፤ በነጻ ተመዝግበው ማሰስ ይችላሉ። ብራናው የነገሥታት ብቻ አይምሰልዎ። የአፄ ሱስንዮስን የሃይማኖት ለውጥ ተቃውማ፣ ባሏን ትታ የመነኮሰችው የወለተ ጴጥሮስ ገድል የተጻፈው ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ነው። የሚያውቋት በሕይወት ሳሉ ስለተጠየቁ ዛሬ ታሪኳን እናነባለን። ግዕዝ ባያነቡ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝኛ ትርጉም አለ።

ከግቢው ሲወጡ ብዙም ሳይርቁ ስንዱ በርእሰ መምህርነት የመሩትን እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ያገኛሉ። በሩ ላይ ትንሽ ቆም ይበሉ።

ማታ ቤትዎ ሲገቡ ደግሞ ለእናትዎ ይደውሉ። የአያትዎ ስም ከነአባቷ ማን ነበር? የት ተወለደች? ክርስትና ስሟስ? ጽፈው ቀኑን ያስፍሩበት። የእርስዎን አያት በየትኛውም ካታሎግ ላያገኟት ይችላሉ፤ የምታውቃት እናትዎ ግን ዛሬ ስልክ ያነሳሉ።