ከባሕር ወደ ደጋ ስለሚመለሱ ልጆች

ሰው የማያውቀውን ነገር ሲፈራ፥ ብዙ ጊዜ የሚያስፈራውን ትቶ የማያስፈራውን ይፈራል። በደጋ ተወልደን ያደግን ሰዎች ስለ ባሕር ያለን አሳብ እንደዚሁ ነው። አገራችን ከ1985 ዓመተ ምሕረት ወዲህ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፥ የባሕርን ውስጥ ለማየት የሚሹ ወጣቶቻችን ብዙዎቹ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተው ወደ ጅቡቲ ይሄዳሉ።

የታላቅ እኅታችን ልጅ በታኅሣሥ ወር ለዚሁ ጉዳይ በተነሣ ጊዜ፥ እናቱ «ሻርክ ይበላብኛል» ብለው እንቅልፍ አጡ። እኛም ነገሩን መርምረን የተረዳነውን ለቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅማል ብለን እንጽፋለን።

በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር የሚታየው ትልቁ ሻርክ ከዓሦች ሁሉ የሚገዝፍ ነው፤ ያደገው ከ12 ሜትር ይበልጣል፤ በዚያ የሚታዩት ግን አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ናቸው። ምግቡም በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። በቀይ ባሕር የሚኖረው ማንታ የተባለው ዓሣም ክንፉ ሲዘረጋ እስከ 7 ሜትር ቢደርስም፥ በጅራቱ መርዛም እሾኽ የለውም። ከሻርኮች ወገን ሰውን የሚጐዱ መኖራቸው አይካድም፤ ነገር ግን ማንታ በአንድ ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ የሚወልድ ሲሆን፥ ስንጥቡን ለመድኃኒት ብለው የሚሸጡ ሰዎች ዘሩን እያመነመኑት ነው።

እውነተኛው አደጋ በአየሩ ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል። ኩስቶና ጋኛን የተባሉ ፈረንሳውያን በ1935 ዓመተ ምሕረት ባወጡት ብልሃት፥ ጠላቂው የታመቀ አየር በብረት ጋን ተሸክሞ ይተነፍሳል። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት ግፊቱ ስለሚጨምር፥ ናይትሮጅን የተባለው አየር በደሙና በሥጋው ይሟሟል። ሰውየው ፈጥኖ ወደ ከፍታ ቢወጣ፥ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚፈላ፥ ያ አየር በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሆናል፤ መገጣጠሚያን ያሳምማል፥ ሲብስም ሽባ ያደርጋል። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በአውሮፕላን ብቻ ሳይሆን በባቡርና በመኪና የሚወጣም መጠንቀቅ አለበት። አንድ ጊዜ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፥ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ይቆይ ተብሎ ተመክሯል። የታመቀ አየር ሳይተነፍስ በውሃው ፊት ላይ እየዋኘ የተመለከተ ግን ይህ ግዴታ የለበትም።

ልጃችን በገና ዋዜማ ጧት ጠልቆ ነበርና፥ አስተማሪው እንዳይሳፈር ስለ ከለከለው፥ ቤቱ የገባው በበዓሉ ማግሥት ነው። ዶሮው ሳይቈረስለት ቀረ፤ ዘመዶችም «ከእናቱ ዓሣ በለጠበት» ብለው አሙት። እኛ ግን የቀረው ለእናቱ ብሎ ነው እንላለን፤ በዓል በየዓመቱ ይመለሳል፥ ሽባ የሆነ ጕልማሳ ግን ወደ ቀድሞው ጤንነቱ መመለሱ ያጠራጥራል።

እኅታችንም ነገሩን ከተረዱ በኋላ፥ ታናሺቱ ልጃቸው ለመሄድ ስትዘጋጅ ስለ ሻርክ አንዳች አልተናገሩም። የመመለሻዋን ቲኬት ተቀብለው ቀኑን አነበቡና «ከውሃ የምትወጪው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ።