የቀረኝ

ላስታ ውስጥ ብልባላ የተወለድሁ የሂሳብ ተማሪ ነኝ። ካልዋሸሁ ደግሞ «ይህ ግልጽ ነው» እያልሁ ሦስት ዓመት ያለፍሁ ተማሪ ነኝ። ማረጋገጫው እንቢ ሲለኝ በዚያች ቃል እዘጋዋለሁ፤ አራሚውም ደክሞት ያልፈዋል።

ዘንድሮ ግን ሊን የሚባለውን፥ ሌዎናርዶ ደ ሙራ እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረውን የማረጋገጫ ፕሮግራም ጫንሁ። ገጹ ለሁለት ይከፈላል። በግራ አንተ ትጽፋለህ፤ በቀኝ በእጅህ ያለውና የቀረህ ይታያል። አንድ መስመር በጨመርህ ቁጥር የቀረህ ይለወጣል። መጀመሪያ «ዜሮ ሲደመር ነ፥ ነ ይሆናል» የሚለውን አረጋግጥ ተባልሁ። ሳቅሁ። እንዴ፥ ይህንንማ ያንደኛ ክፍል ልጅ ያውቀው የለም? ለካ በፍቺ የተሰጠው «ነ ሲደመር ዜሮ» ብቻ ኖሯል! ተገላቢጦሹ በኢንዳክሽን ይሠራል። ኢንዳክሽን ብዬ ስጽፍ በቀኙ መስኮት አንዱ ዕዳ ሁለት ሆነ፤ አንዱ ለዜሮ፥ አንዱ ለተከታዩ ቁጥር።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሮቢን ሚልነር እ.ኤ.አ. በ1972 በስታንፎርድ ኤልሲኤፍን ሲሠራ ተጠቃሚው ትእዛዙን በመስመር ጽፎ መልስ ይጠብቅ ነበር። ኋላ ከኤዲንብራ የወጣው ፕሩፍ ጄኔራል የተረጋገጠውን ክፍል ቀለም ቀብቶ ቆለፈ። በ1994 ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ቤርቶ፥ ካንና ቴሪ በማውዝ እየጠቆሙ ማረጋገጥን አመጡ። ለእኔ ግን ያንን የቀኙን መስኮት የሚያህል የለም።

ክረምት ብልባላ ገባሁና በመመረቂያ ጽሑፌ ላይ «ግልጽ ነው» ብዬ ያለፍኋትን አንዲት ነጥብ ለማሽኑ ሰጠሁት። ሦስት ሌሊት አልሄድ አለኝ። በመጨረሻ ሶሪ ብዬ ጻፍሁ፤ ፕሮግራሙ ይህችን ቃል በማረጋገጫ ፈንታ ይቀበላል። ቀዩ ሰረዝ ጠፋ፤ ቢጫ መጣ።

አያቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ከጊዮርጊስ ማኅሌት ተመልሰው አጠገቤ ተቀምጠዋል።

«ምንድን ነው የሚልህ?»

«የቀረኝን ይነግረኛል፥ አባ።»

«እንዴት እንደምትሞላውስ?»

«እሱን አይነግርም።»

«እኔም ቤት ጎደለህ ብዬ ነው የምመልሰው። ይህች ቢጫዋስ?»

«ይቅርታ ማለት ናት።»

«ማንን ነው ይቅርታ የጠየቅኸው?»

ምን ልበላቸው? ሶሪዋን ሰረዝኋት። ቀዩ ተመለሰ። ባትሪው 11 ከመቶ ብቻ ቀርቶት ስለ ነበር የቀኙን መስኮት ቶሎ ቶሎ ወረቀት ላይ ገለበጥሁ፤ አያቴም ኩራዙን አስጠጉልኝ።