አንድ ሚሊዮን ወርቅና አሥራ ሁለተኛው ሰው

አንባቢ ሆይ፤ አንድ ሚሊዮን ወርቅ በእጅህ ተሰጥቶህ፥ በዚህ ገንዘብ ቢያንስ 11 ተጫዋቾች ገዝተህ ቡድን አቋቁም ብትባል ከማን ትጀምር ነበር? ብዙ ሰው ከኮከቡ እንደሚጀምር አውቃለሁ። እኔ ግን ከተራው ሰው መጀመር ይገባል የምል ነኝ። ይህ ክርክር በክፍላችን ውስጥ አንድ መንፈቅ ሙሉ ስለ ፈጀ፥ ወላጆቻችንም በምሳ ሰዓት ስለ ምን እንደምንጮኽ ቢያውቁት መልካም ነው።

ጨዋታው ብለድ ቦል ይባላል፤ ወደ ቋንቋችን ቢመለስ «የደም ኳስ» ማለት ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ የሚፈስ ደም የለም፤ በጠረጴዛ ላይ በዳይስ የሚጫወቱት ነው። የፈጠረው ጀርቪስ ጆንሰን የተባለ የብሪታንያ ሰው ሲሆን፥ ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 አሳተመው። ነገሩ የአሜሪካኖችን እግር ኳስ ይመስላል፤ ኳሱን በእጁ ይዞ የባላጋራውን የመጨረሻ መስመር የረገጠ ነጥብ ያገኛል። ተጫዋቾቹ ግን ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ በተረት እንደምንሰማቸው ያሉ ግዙፎች፥ ድንኮች፥ ኦርክ የሚባሉ አረንጓዴ ጭራቆችም ይሰለፋሉ። ሜዳው በርዝመት 26፥ በወርድ 15 ካሬ ነው፤ እያንዳንዱ ወገን በአንድ አጋማሽ 8 ዙር ይጫወታል።

በውጭ አገር ለዚህ ጨዋታ ትንንሽ ምስሎች ይገዛሉ። እኛ ግን ያለን የደንቡ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ እሱንም ለአንድ የክፍላችን ልጅ አጎቱ ከእንግሊዝ አገር ይዘውለት መጡ። ስለዚህ ልጆች ሳለን በቆርኪ ኳስ እንጫወት የነበረውን አስታውሰን ቆርኪ ሰበሰብን። የእኔ ሰዎች የአምቦ ውሃ ቆርኪዎች ናቸው፤ የባልንጀራዬ ኦርኮች ደግሞ አረንጓዴ እንዲሆኑ ከስፕራይት ጠርሙስ ተነቀሉ። ሜዳውን በካርቶን ላይ በማስመሪያ አሰመርነው። ልዩውን የመጋጠሚያ ዳይስ ስላጣን የሉዶውን ዳይስ አዋልነው፤ 1 ከወጣ ገጣሚው ይወድቃል፤ 2 ሁለቱም ይወድቃሉ፤ 3 እና 4 መግፋት ብቻ ነው፤ 5 እና 6 ባላጋራው ይወድቃል፥ ቀልጣፋ ከሆነ ግን በ5 ያመልጣል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እኛ የምንጫወተው በ2020 በወጣው ደንብ ነው። በዚያ ደንብ በሰዎች ቡድን ውስጥ ላይንማን የሚባለው ተራ ተሰላፊ 50,000 ወርቅ ያወጣል። ኳስ ተቀባይ 65,000፥ ወርዋሪ 80,000፥ ብሊትዘር የሚባለው ሰብሮ ገቢ 85,000 ነው፤ ኦገር የተባለው ግዙፍ 140,000 ይጠየቅበታል። ከሰው ሌላም የሚገዛ ነገር አለ። ያልሰመረን ዳይስ እንደ ገና ለመጣል የሚያስችለው የድጋሚ ዕድል አንዱ 50,000 ነው፤ ወጌሻም እንደዚሁ 50,000።

ባልንጀራዬ ኦርኮችን መረጠ። አራት ሰብሮ ገቢዎች በ320,000፥ አራት ግዙፋን ኦርኮች በ360,000፥ አንድ ትሮል በ115,000፥ ሁለት ጎብሊኖች በ80,000፥ ሁለት የድጋሚ ዕድሎች በ120,000 ገዛ። ድምሩ 995,000 ነው። ወጌሻ የለውም፤ አሥራ ሁለተኛ ሰውም የለውም። ዝርዝሩን ባየሁ ጊዜ፥ እውነቱን ለመናገር፥ ፈራሁ። ትሮሉ ግን አእምሮው እጅግ የደነዘዘ ስለ ሆነ አጠገቡ የሚነግረው ወዳጅ ከሌለ በዳይስ 1፥ 2 ወይም 3 ሲወጣ ምን ለማድረግ እንደመጣ ረስቶ ዝም ብሎ ይቆማል። ደግሞም ጎብሊኑን አንሥቶ ሊወረውር ሲል ሊበላው ይችላል! ከክፍላችን ይህን ያህል የሳቅንበት ደንብ የለም።

የእኔ ዝርዝር ይህ ነው፤ አራት ሰብሮ ገቢዎች 340,000፥ አንድ ወርዋሪ 80,000፥ ሁለት ተቀባዮች 130,000፥ አራት ተሰላፊዎች 200,000፥ ሦስት የድጋሚ ዕድሎች 150,000፥ ወጌሻ 50,000። ይህ ሁሉ ሲደመር 950,000 ይሆናል። ክርክሩ ሁሉ በቀረችው 50,000 ላይ ነው።

ባልንጀራዬ «አራተኛ የድጋሚ ዕድል ግዛበት» አለኝ። ምክንያቱ የተናቀ አይደለም። አንድ ተሰላፊ እኩያውን በአንድ ዳይስ ቢገጥም ከ6 ዕጣ በ2ቱ ራሱ ይወድቃል፤ የራስህ ሰው በወደቀ ጊዜም ዙርህ ወዲያው ያበቃል፥ ሌሎቹ አሥሩ ሳይንቀሳቀሱ ይቀራሉ። የድጋሚ ዕድል ካለህ ግን አደጋው ከ3 አንድ ወደ ከ9 አንድ ይወርዳል። ከዚህም በላይ ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ የድጋሚ ዕድል ዋጋ እጥፍ ስለሚሆን ዛሬ ያልገዛ ነገ ይከፍላል።

እኔ ደግሞ በዚያው ዳይስ ሌላውን ሒሳብ ሠራሁ። በደንቡ መሠረት ከአሥራ አንዱ ቢያንስ ሦስቱ ፊት ለፊት ባለው መስመር ላይ ከባላጋራ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ መቆም ግዴታቸው ነው። እዚያ የሚቆመው ተራው ነው፤ ተቀባይህን እዚያ የምታቆም ከሆነ አይዘልቅም። የወደቀ ተሰላፊ ጥሩሩ የሚሰበረው የሁለት ዳይስ ድምር 9 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ ይህም ከ36 በ10ሩ ይደርሳል። ከዚያም ሌላ ድምር 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በቃሬዛ ይወጣል። ስለዚህ ከ22 ውድቀት ባንዱ ገደማ ሰው ታጣለህ ማለት ነው፤ በአንድ ግጥሚያ ደግሞ የሚወድቀው ብዙ ነው። በቃሬዛ ለወጣው ከ1 እስከ 16 የተጻፈ ዕጣ እናወጣለታለን፤ 15 ወይም 16 ከወጣ ሞቷል፥ ለዘለዓለምም አይመለስም። ወጌሻው በግጥሚያ አንድ ጊዜ ብቻ ሁለተኛ ዕጣ አስወጥቶ የተሻለውን ያስመርጥሃል።

ነገር ግን ጉዳዩ የሒሳብ ብቻ አልነበረም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤታችን የእግር ኳስ ቡድን 14 ቁጥር ለብሼ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። የተጫወትሁት ሁሉ ቢደመር 40 ደቂቃ አይሞላም። ማንንም ለመውቀስ አልጻፍሁትም፤ ከእኔ የሚሻሉ ልጆች አሉና። ሆኖም ዝርዝሩ በሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ ሌሎቹ ስማቸውን ከላይ ጀምረው ይፈልጋሉ፤ እኛ ከታች ጀምረን ወደ ላይ እናነባለን። ታዲያ የራሴን ዝርዝር የምጽፍበት ቀን ሲመጣ አሥራ ሁለተኛውን መስመር ባዶ መተው እንዴት ይሆንልኛል?

ባልንጀራዬ ይህን በሰማ ጊዜ «አንተ ቡድን አይደለም የምታቋቁመው፤ ምጽዋት ነው የምትሰጠው» ብሎ ሳቀብኝ። ማታ ቤት ገብቼ ወረቀቱን ለአባቴ አሳየኋቸው። አባቴ ባለ ሱቅ ናቸው፤ ጨዋታ የሚባል ነገር አይወዱም፥ ፈተና በቀረበበት ሰዓትማ ጭራሽ። መነጽራቸውን አድርገው የገንዘቡን ዓምድ ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ደመሩት፤ ድምሩ ልክ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ «ልጄ፥ ከአሥራ አንዱ አንዱ ቢታመምስ?» አሉኝ። ወዲያው አሥራ ሁለተኛውን ጻፍሁት።

በሦስተኛው ግጥሚያ ከባልንጀራዬ ጋር ተገናኘን። በመጀመሪያው አጋማሽ አንዱ ተቀባዬ ክፉኛ ቆስሎ ወጌሻውን ለእሱ አዋልሁት። በሁለተኛው አጋማሽ ትሮሉ 9 ቁጥሬን መታው፤ ዕጣው ሲወጣ 15 ሆነ። ቆርኪውን ከሜዳ አነሣሁት። ኦርኮቹም ያን ጊዜ ነጥብ አስቆጠሩ። እንደ ገና ስንሰለፍ 12 ቁጥር ገብቶ በፊተኛው መስመር በሟቹ ቦታ ቆመ።

12 ቁጥር በዚያ ቀን ጀግና አልሆነም። ኳስ አልነካም፤ ሁለት ጊዜ ተገፋ፥ አንድ ጊዜ ወድቆ ተነሣ። ነገር ግን ባላጋራ አጠገብ የቆመ ወዳጅ ካለህ ያግዝሃል፤ በእሱ እርዳታ 4 ቁጥሬ በአንድ ፋንታ በሁለት ዳይስ ገጥሞ የሚሻለውን መረጠ። ሰብሮ ገቢ የመጋጠም ችሎታ ስላለው በዚህ ጊዜ የመውደቁ ዕድል ከ36 አንድ ብቻ ነው። መንገዱ ተከፈተ፤ ወርዋሪዬ ኳሱን ይዞ በመጨረሻው ዙር መስመሩን አለፈ። አንድ ለአንድ ተለያየን። ባልንጀራዬ እስከ ዛሬ «አራተኛ የድጋሚ ዕድል ቢኖርህ ታሸንፈኝ ነበር» ይላል፤ ሊሆን ይችላል፥ አልክደውም።

አሁን ግጥሚያዎቹ አልቀው በሣጥኔ 100,000 ወርቅ አለ። በዚህ ገንዘብ አንድ የድጋሚ ዕድል በእጥፍ ዋጋው፥ ወይም ሁለት ተሰላፊዎች ይገዛሉ። ባልንጀራዬ የቱን እንደሚመክረኝ መገመት አያስቸግርም፤ አባቴን ከፈተናው በፊት ለመጠየቅ አልደፈርሁም። ለጊዜው ሁለት የአምቦ ቆርኪዎች አጥቤ አድርቄያለሁ፤ በአንደኛው ላይ 13፥ በሁለተኛው ላይ 14 ብዬ ጽፌባቸዋለሁ።