የአባቴ ራዲዮ ማዞሪያ

ለዕለት ኑሯችን የሚያገለግሉን ዕቃዎች ሥራቸውን በሰላም እስከሠሩ ድረስ ልብ አንላቸውም፤ ልብ የምንላቸው እምቢ ያሉ ዕለት ነው። እኔ ግን የአባቴን ራዲዮ ማዞሪያ ልብ ያልኩት እምቢ ካለ ከብዙ ዓመት በኋላ መሆኑን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ።

አባቴ መምህር ነበሩ። ራዲዮውን የገዙት በ1962 ዓ.ም. ሲሆን፣ የእንጨት ሣጥኑ በሳሎናችን መደርደሪያ ላይ ጥልፍ ልብስ ለብሶ ይቀመጥ ነበር። ማታ ማታ እራት እስኪቀርብ ማዞሪያውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይጓዛሉ። በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሥርጭቱን የጀመረውን ብሥራተ ወንጌልን፣ ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ከኮሎኝ በአማርኛ ይሰማ የነበረውን የጀርመን ድምፅ እያፈላለጉ ያዳምጡ ነበር። እኛ ልጆቻቸው የብዙ ከተሞችን ስም ከጂኦግራፊ መጽሐፍ በፊት ያነበብነው ከዚያ ራዲዮ መስታወት ላይ ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን አባቴ ይህን ጉዞ ተዉት። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠቋሚው በአንድ ጣቢያ ላይ ተተክሎ ቀረ። እኛም «አባዬ አርጅተዋል፤ አዲስ ነገር መስማት አይሹም፤ ግትር ሆነዋል» እንባባል ጀመር። በ1990 ዓ.ም. ክረምት አንድ ምሽት ሌላ ጣቢያ ለመፈለግ ማዞሪያውን ብይዘው አልዞር አለኝ። በሙሉ እጄ ጨብጬ ብታገለው የተንቀሳቀሰው ለጥቂት ብቻ ነው።

«ለእኔም እምቢ ካለኝ ቆይቷል፤ እናንተን ላስቸግር አልፈለግሁም» አሉ አባቴ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ።

ሶኬቱን ነቅዬ አሳደርኩት። በማግሥቱ በማዞሪያው ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ አላልቼ ማዞሪያውን ሳወጣው፣ ዘንጉ በሚዞርበት የነሐስ ቱቦ አፍ ላይ ቡናማ ነገር እንደ ሙጫ ደርቆ አየሁ። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ማዞሪያው ሲንሲያጠጥ ሰምቼ፣ ከወጥ ቤት የኑግ ዘይት አምጥቼ በዶሮ ላባ ያጠጣሁት እኔው ነበርኩ።

የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይደርቃል። ሠዓሊዎቻችን ይህን ጠባይ ከተልባ ዘይት ያውቁታል፤ የዘይት ቀለም በሸራ ላይ ደርቆ ለዘመናት የሚቆየው በዚሁ ነው። ለሥዕል ጸጋ የሆነው ግን ለዘንግ ጠንቅ ነው። አቧራው ተጨምሮበት፣ ዓመት በዓመት ላይ ተደርቦ፣ የእኔ በጎ ፈቃድ የአባቴን መንገድ ዘጋው።

ሰፈራችን ካለው ልብስ ሰፊ ጥቂት የስፌት መኪና ዘይት ለመንኩ። ሙጫውን ላምባ በነካ ጨርቅ ጠረግሁት። በመርፌ ጫፍ ጠብታ እያስገባሁ፣ ዘንጉን ጥቂት እያዞርኩ፣ የወጣውን እድፍ እየጠረግሁ፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪመለስ ደጋገምኩ። በመጨረሻ ከስፌት መኪናው ዘይት አንዲት ጠብታ ብቻ አደረግሁ። ጠቋሚውን የሚጎትተውን ክር ዘይት እንዳይነካው ተጠነቀቅሁ፤ ክሩ ከወዛ ይንሸራተታልና። ማዞሪያው በሁለት ጣት ዞረ።

ያን ዕለት ማታ አባቴ እጃቸውን ዘረጉ። መጀመሪያ እንደ ለመዱት በሙሉ መዳፋቸው ጨበጡት፤ ጠቋሚውም ከዳር እስከ ዳር ሸሸ። ደንግጠው ለቀቁት። ቀጥሎ በሁለት ጣታቸው ያዙት። ድምፆች እየመጡ ሄዱ። ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ እጃቸውን ገልበጥ አድርገው ተመለከቱና፣

«ለካ እጄ አልነበረም» አሉ።

ለዓመታት የደከመው ጣታቸው መስሏቸው ኖሯል። የኑጉን ዘይት ነገር ስነግራቸው ሳቁ፤ «ያን ጊዜ ‹እሰየው› ያልኩህም እኔው ነኝ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ ሰው ግትርነት ሲወራ ስሰማ ያ የነሐስ ቱቦ ይታየኛል። እኛ ልጆቻቸው አባታችንን ግትር ለማለት ዓመታት ስንፈጅ፣ ማዞሪያውን ይዘን ለመሞከር አንዲት ደቂቃ አላጣንም ነበር።