ሽታው ለማን ነው?

የቆዳ ማንጫ ክሬሙን ጉዳይ ስጽፍ «የሰው እንጀራ አትዝጊ» ብላችሁ የወረዳችሁብኝ ዛሬም ልትወርዱብኝ ትችላላችሁ። ዝም ብዬ ማደር አልቻልኩም።

ዛሬ ከሰዓት አንዲት አራስ ልጇን ታቅፋ ፋርማሲ መጣች። ሕፃኗ ክርስትና ለመነሣት ጥቂት ቀን ነው የቀራት። አንገቷ እጥፋት ሥር፣ ሆዷና ጭኗ ላይ ቀልታለች፤ አንዳንዱ ቦታ ውኃ ቋጥሯል። እናትየው «ሙቀት መሰለኝ፣ የሚቀባ ነገር ስጪኝ» አለች። እስካሁን ምን ትቀቢያት ነበር ስላት ከቦርሳዋ ቡናማ ጠርሙስ አወጣች። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ዓይነት ነው። ላዩ ላይ ላቬንደር፣ ባሕር ዛፍ፣ ቲ ትሪ፣ ሎሚ ይላል። «ንጹሕ ተፈጥሮ፣ ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ» ይላል። የእያንዳንዱ መጠን ስንት እንደሆነ አይልም። የተመረተበትም የሚያበቃበትም ቀን የለውም። ማን እንዳመረተው አይታወቅም፤ ያለው ስልክ ቁጥር ብቻ ነው።

ወደ ሕፃናት ሐኪም ላክኋት። ምክንያቱን የሚለየው ሐኪሙ ነው፤ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ በሽታ አልሰይምም። ዘይቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ ጠብ እንዳታደርጊባት አልኳት። «ቅጠል ብቻ ነው እኮ እህቴ፣ ኬሚካል የለውም» አለችኝ። ደንግጣለች። ለልጄ ይሻላል ብላ፣ ከአስቤዛዋ ቀንሳ የገዛችው ነው። እሷን እንዴት እቆጣለሁ? የምቆጣው «ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ» ብሎ በጻፈው ሰው ነው።

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የምለው ቶሎ ይገባዋል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ዓይነት የመዓዛ ዘይት፣ ኢሴንሻል ኦይል የሚባለው፣ አብዛኛው የሚወጣው በእንፋሎት ነው፤ አንድ ክምር ቅጠል ወይም አበባ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ይቀዘቅዛል፣ መጨረሻ ላይ የሚንጠባጠበው ጥቂት ነገር የክምሩን ኃይል ይዞ ይወጣል። አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማግኘት በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ አበባ ይፈጃል። ሙያውን አልጠላም። ወንዶ ገነት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከላችን በመዓዛማ ዕፅዋት ላይ ዓመታት የሠራ ነው፤ ለሽቶውም ለአዋቂ ሳሙናውም ይሁን፣ ይበርታ። ጨቅላ ግን ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ሲሰላ የሕፃን ቆዳ ስፋት ከአዋቂ ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ እኛ እጃችን ላይ የምናደርጋት ጠብታ እሱ ሰውነት ላይ ስትፈስ ትንሽ አይደለችም። ቆዳው ስስ ነው፣ የገባውን የሚያጣራለት ጉበቱም ገና አልበረታም።

ባሕር ዛፍ ላይ ክፉ መናገር እንደሚከብድ አውቃለሁ። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አብሮን ኖሯል። ጉንፋን ሲይዘው ቅጠሉን አፍልቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያልታጠነ ማን አለ? ዘይቱ ውስጥ ያለው ሲኒኦል የሚባለው ነገር ግን ትንሽ ልጅ ሲውጠው ያፈዘዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ እንኳ ሆስፒታል ያስገባል። ቆዳቸው ላይ በብዛት ተቀብቶላቸው የታመሙ ልጆችም በሕክምና መጽሔቶች ተጽፈዋል። ካምፎር ከዚህ ይብሳል፤ 1 ግራም ያህል ውጦ የሞተ ሕፃን አለ። አሜሪካ ውስጥ በሚቀባ መድኃኒት ከ11 በመቶ እንዳይበልጥ የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። ቪክስ ውስጥ ካምፎሩም፣ ሜንቶሉም፣ የባሕር ዛፍ ዘይቱም አሉ፤ ማሸጊያው ራሱ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሁን ይላል። እኔ ግን ስንት ቤት ነው የጨቅላ አፍንጫ ሥር ሲቀባ ያየሁት! ሜንቶል የትንሽ ሕፃን አፍንጫ አጠገብ ሲሆን ትንፋሹን ሊያቋርጠው ይችላል። አክስቶቼ፣ ይህቺን ለእናንተ ነው የጻፍኳት፤ ነገ ቡና ላይ ተቆጡኝ፣ እመጣለሁ።

ወደ ሎሚው ልምጣ። እኔን ከሁሉ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ልጅ ማሞቅ ልማዳችን ነው። ይታጠባል፣ ይቀባል፣ ይታሻል፣ ከዚያ የጠዋት ፀሐይ ላይ ይወጣል። መልካም ልማድ ነው፤ ፀሐይ የተነፈገ ልጅ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ ሪኬትስ ይይዘዋል። ዶ/ር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ ባወጡት ጥናት፣ የሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል በገቡ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ላይ ሪኬትስ የሳንባ ምች ከሌለባቸው በብዙ እጥፍ በልጦ ነው የተገኘው። ስለዚህ ፀሐዩን ማንም እንዳይነካብኝ። ነገር ግን ከልጣጭ ተጨምቆ የወጣ የሎሚና የቤርጋሞት ዘይት ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ይህን የሚያደርጉት ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውሕዶች ናቸው፤ ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ከዳነም በኋላ ቦታው ለወራት ጠቁሮ ሊቆይ ይችላል። ጤና አዳምም ይህንኑ ያደርጋል፤ አዎ፣ ያቺ የምንወዳት ጤና አዳም። ቅጠሏን አሽቶ ገላ ላይ አድርጎ ልጁን ፀሐይ ላይ ማውጣት አደገኛ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ሎሚ ያለበት ዘይት «ገላዋን ካጠብሽ በኋላ ቀቢያት» ተብሎ ለእኛ ሕፃን ይሸጣል። የእኛ ሕፃን ገላዋን ከታጠበች በኋላ የት ነው የምትሄደው? ይህን የቀመመው ሰው የእኛን ጠዋት ያሰበበት አይመስለኝም። ያቺን እናት ጠየቅኳት፤ በየጠዋቱ ቀብታ ታሞቃት ነበር።

ስለ ሽታ ካነሣን አይቀር፣ አንድ የቆየ ነገር ልተንፍስ። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ሰሞን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የመጣው ሰው ብዛት! መምጣታቸው ደስ ብሎኛል፤ ገንፎውም፣ አጥሚቱም፣ ዕልልታውም። ግን ልጄን ተቀባበሉት። ከአንዷ ጭን ወደ ሌላዋ ጭን፣ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ትከሻ፤ ሁሉም የክት ልብሱን ለብሶ፣ ሽቶውን አርከፍክፎ። ማታ እጄ ላይ ሲመለስልኝ የማላውቀው ሰው ይሸታል። አናቱን አሸተትኩት። ከሆዴ ይዟት የመጣት ያቺ ጠረን የለችም። አንገቱ ሥርም ፈለግኋት፣ የለችም። አለቀስኩ። «አራስ ናት፣ ሆድ ይብሳታል» ተባለ። አንድ አጎቴማ «ሽቶው የፈረንሳይ ነው እኮ!» ብለው ተቆጡኝ። ቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። ሰውዬው ደግ ናቸው፣ እስካሁን በልደቱ ቀን ሽቶ ነው የሚያመጡለት። ግን እውነቴን ነበር ያለቀስኩት፤ ልጄን ወስደው ሌላ ልጅ የመለሱልኝ ነው የመሰለኝ። ማንም እናት ይህን ስትል «ሆድ ብሷት ነው» አትበሏት፤ እባካችሁ።

ምክንያቱም አራሷ ልክ ናት። እ.ኤ.አ. በ1994 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ገና የተወለዱ 30 ሕፃናት እናቶቻቸው ደረት ላይ ተደረጉ፤ የእናቲቱ አንዱ ጡት ታጥቧል፣ ሌላው አልታጠበም። 22ቱ ሕፃናት ያልታጠበውን መረጡ። ዓይኑ በቅጡ የማያይ ፍጡር እናቱን የሚያገኛት በጠረኗ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ገላ እጥበት ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ ሲል ዋናው ሐሳቡ ልጁ እንዳይበርደው ነው፤ እኔ ግን ምክሩን በሰማሁ ቁጥር ይህንን ጠረን አስባለሁ።

ታዲያ ይህን ልጅ ነው ላቬንደር የምንቀባው። ላቬንደርን ከየት ያውቀዋል? እሱ የሚፈልገው እናቱን ነው። ሽታው ለእኛ ነው፤ ለእኛ፣ ለአክስት፣ ለክርስትና እናት፣ «እንዴት ደስ ትላለች!» ለሚል ጎረቤት። ደስታው የእኛ፣ ጉዳቱ የእሱ። ይህን ሒሳብ በምንም መንገድ ላስተካክለው አልቻልኩም።

ጉዳቱ ደግሞ ዛሬውኑ ላይታይ ይችላል። ላቬንደር ውስጥ ያለው ሊናሎል፣ ሎሚ ውስጥ ያለው ሊሞኒን፣ ጠርሙሱ ተከፍቶ አየር ሲያገኛቸው ይለወጣሉ፤ ይበልጥ አለርጂ የሚያስነሡት እነዚያ የተለወጡት ናቸው። ቆዳ አንዴ ከጠላቸው ዕድሜ ልኩን አይረሳም፤ ልጁ አድጎ ሳሙና በቀየረ ቁጥር ያሳክከዋል። የአውሮፓ ኅብረት 26 የሽታ ንጥረ ነገሮች፣ ታጥቦ በማይለቅ ቅባት ውስጥ ከ0.001 በመቶ ካለፉ በስማቸው ማሸጊያው ላይ ይጻፉ ያለው ለዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ዝርዝሩን ከ80 በላይ አድርሶታል። ቁጥሩን ተመልከቱት፤ ከመቶ ሺሕ አንድ እጅ! እኛ ጋ ያለው ጠርሙስ ላይ ከመቶ ስንት እንደገባ እንኳ አልተጻፈም። አሜሪካ ያላችሁ እህቶቼም «ሃይፖአለርጂኒክ» የሚል አይታችሁ ልባችሁ አይረፍ፤ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ለዚያ ጽሑፍ ያወጣው መስፈርት የለም። በጀርባው ያለውን የንጥረ ነገር ዝርዝር አንብቡ።

ኢንቦክስ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ስለ ወንዶች ልጆች ጡት ማበጥም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2007 ላቬንደርና ቲ ትሪ ያለባቸውን ምርቶች ሲጠቀሙ ጡት ያወጡ ሦስት ወንዶች ልጆች በአንድ ትልቅ የሕክምና መጽሔት ወጥተዋል፤ ሲያቆሙ ተመልሶላቸዋል። ሦስት ልጆች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ግንኙነት የለውም ያሉ ተመራማሪዎችም አሉ፣ ክርክሩ አልተዘጋም። በዚህ ሰው አላስፈራራም፤ ከላይ የጻፍኩት ለእኔ ይበቃኛል።

«ታዲያ ምን እንቀባ?» ጤነኛ ሕፃን ብዙውን ጊዜ ምንም አያስፈልገውም። ቆዳው ከደረቀ ሽታ የሌለው ቫዝሊን። ባንግላዴሽ፣ ዳካ ውስጥ፣ 33 ሳምንት ሳይሞላቸው የተወለዱ ሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ የሱፍ አበባ ዘይት ሲቀቡ፣ እዚያው የሚይዛቸው ኢንፌክሽን በ41 በመቶ ቀንሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ነው። ሽታ የሌለው፣ ለምግብ ከምንጠቀምበት ተክል የወጣ ዘይት! የወይራ ዘይት ግን ይቅርባችሁ፤ አዋቂዎች ላይ ሲሞከር የቆዳን መከላከያ አዳክሟል። ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ ያላችሁ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ ምንም አትቀቡ። እትብት ላይ ቅቤም፣ ዘይትም አይደረግም። ልጁን ደግሞ እሹት፣ በደንብ እሹት፤ አያቶቻችን በእጃቸው ያደረጉትን የትኛውም ጠርሙስ አያደርገውም።

ለምትሸጡት፦ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ኮስሞቲክስ ቁጥጥር ያለበት ነገር ነው። ስማችሁን ጻፉ። መጠኑን ጻፉ። «ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ» የሚለውን ዛሬ ማታ አጥፉት።

«እኔ ቀብቼ ልጄ ምንም አልሆነም» ብላችሁ ኮሜንት ልታደርጉ የተዘጋጃችሁም አላችሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከልቤ ነው። ዛሬ ፋርማሲ የመጣችው ግን የእናንተ ልጅ አይደለችም።

ጠርሙሱ ቤታችሁ ካለ ከፍ ያለ ቦታ፣ የሚቆለፍ ውስጥ አድርጉት። ልጅ ከጠጣው እንዲያስመልስ አታስገድዱት፤ ሲመለስ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። እስኪያመው አትጠብቁ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሆስፒታል ሩጡ።