ቅንጡዋ መኪና ዋጋዋን ታወጣለች?

አዳማ ላይ መኪና የሚገዛ ሰው ስለ ሞተሩ ሳይጠይቅ «መልሼ ስሸጣት ስንት ታወጣለች?» ይላል። ቪትዝና ኮሮላ ቶሎ ገዢ ያገኛሉ፤ መርሴዲሷ ግን ደላላ ታደክማለች።

እኔ ገዢው ላይ አልፈርድም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ሞተሯ ከ1,800 ሲሲ በላይ በሆነ አዲስ አውቶሞቢል ላይ 100 በመቶ ጥሏል፤ ጉምሩኩ፣ ሱር ታክሱና ተጨማሪ እሴት ታክሱ ሌላ ነው። እንግዲህ ከሚከፈለው ገንዘብ ለመኪናዋ ለራሷ የሚደርሰው ስንቱ ነው? በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ታገደ፤ ነገ መለዋወጫውን ማን ያመጣዋል?

እውነቱን እንናገር፤ መርሴዲሷ በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ንግሥት ናት። ድምፅ የለ፣ መንገጫገጭ የለ፣ የስምጥ ሸለቆው ሙቀት እንኳ አይደርስብዎትም። ይህን ክብር ማንም አይነሳትም። ግን ከክፍያ ጣቢያው ወጥታ ወደ ሰፈር ስትታጠፍ ሆዷ ከኮብልስቶኑ ጋር ይተሻሻል። ባቱ ወይም ሻሸመኔ ላይ ኤሌክትሮኒክሱ ቢታወክባትስ? የሰፈር መካኒክ እጁ ወርቅ ቢሆንም ያለ መመርመሪያ መሣሪያ ምን ያድርግ?

ወዳጄ፣ ገንዘቡ የልፋትዎ ነው። ለአዳማ ኑሮ ይህች መኪና ዋጋዋን አታወጣም፤ አይግዟት።