የመጀመሪያው ቀን በቢሾፍቱ

ኅዳር ነው። የአድአ ጤፍ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት በጀመረው የፍጥነት መንገድ ወደ ቢሾፍቱ እየወረድን ነው፤ በስተቀኝ የዝቋላ ተራራ ጭጋጉን ገፎ ብቅ ብሏል። አብረውኝ የተሳፈሩት ትናንት ከሰሜን ሸዋ መጥተው አዲስ አበባ ያደሩ የገጠር ጤና ጣቢያ ኃላፊዎችና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና አዋላጆች ይገኙባቸዋል። ለአመራር ሥልጠና ነው የሚሄዱት፤ እኔ ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን አብሬያቸው ውዬ ልጽፍ።

አጠገቤ የተቀመጡት ጤና መኮንን መንገዱን ሙሉ ስለ ሥራቸው አጫወቱኝ። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው፤ በሥሩም አምስት ያህል ጤና ኬላዎች አሉ። “የተማርኩት በሽተኛ ማከም ነው” አሉኝ። “ኃላፊ ስሆን በጀቱ፣ መድኃኒቱ፣ የሠራተኛው ኩርፊያ፣ የአጥሩ እድሳት ሁሉ በአንድ ቀን እኔ ላይ ወደቀ። እንዴት እንደሚሠራ ያሳየኝ ሰው አልነበረም።”

ቢሾፍቱ በእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ውስጥ የተፈጠሩ ሐይቆች ያሏት ከተማ ናት። ለአዲስ አበባ ቅርብ ስለሆነችና አዳራሽ ስለማይቸግራት የመሥሪያ ቤቶች ሥልጠና አይጠፋባትም። የእኛም አዳራሽ ኢሬቻ በየዓመቱ ከሚከበርበት ከሆራ ሐይቅ ብዙ አይርቅም። ምዝገባው በ2:30 ተጀመረ። የመክፈቻው ንግግር አጭር ነበር፤ የመግባቢያ ደንብ ወጣ፣ ሰዓት ተቆጣጣሪ ተመረጠ፣ ወዲያው ወደ ሥራ ተገባ።

አሰልጣኟ ፍሊፕ ቻርቱን ገልጠው “ከሁሉ የሚያስቸግራችሁ ምንድን ነው?” ሲሉ መልሱ ጎረፈ። የመድኃኒት እጥረት፣ የአምቡላንስ ብልሽት፣ የመብራት መጥፋት፣ የባለሙያ መልቀቅ። ወረቀቱ ሲሞላ በሌላ ገጽ ላይ ከላይ እስከ ታች መስመር አሰመሩ። በአንድ ወገን “በእጃችን ያለ”፣ በሌላው “ከእጃችን ውጭ” ብለው ጻፉና ችግሮቹን እንዲለዩ ተሳታፊዎቹን ጠየቁ። “ከእጃችን ውጭ” የሚለው ወዲያው ሞላ። ሌላው ወገን እስከ ሻይ እረፍት ድረስ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል።

ከሰዓት በኋላ የቡድን ሥራ ነበር። አሁን ያለንበትን በቁጥር ማስቀመጥ፣ የምንደርስበትን ውጤትና ጊዜውን መወሰን፣ መሰናክሉን ለይቶ ከሥሩ መመርመር። እኔ የተጠጋሁት ቡድን የቅድመ ወሊድ ክትትል ጀምረው የሚያቋርጡ እናቶችን ጉዳይ መረጠ። የዓለም ጤና ድርጅት ቀድሞ ቢያንስ አራት ጊዜ ይባል የነበረውን ክትትል በ2009 ዓ.ም. ወደ ስምንት ከፍ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ለእናትም ለፅንስም አደገኛ የሆነው ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት የሚነሳው ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ነው። አንድ ጊዜ መጥታ የቀረች እናት ያን ጊዜ ግፊቷን የሚለካላት የለም።

መመርመሪያው “ለምን?” እያሉ አምስት ጊዜ መጠየቅ ነው፤ ከጃፓኑ ቶዮታ የመጣና በካይዘን በኩል አገራችንም የለመደችው ዘዴ።

“እናቶቹ ለምን ያቋርጣሉ?” አሉ አሰልጣኟ።

“ግንዛቤ ስለሌላቸው” አሉ የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊ።

“ግንዛቤ ከሌላቸው መጀመሪያ እንዴት መጡ?”

ዝም ተባለ። የዚያው ጤና ጣቢያ አዋላጅ እጇን አወጣች። “ክትትል የምንሰጠው ማክሰኞና ሐሙስ ነው። የእኛ ገበያ ዓርብ ነው። ከሩቅ ቀበሌ ለገበያ ስትመጣ ጎራ ያለች እናት ‘ማክሰኞ ነይ’ ተብላ ትመለሳለች።”

“ለምን በሁለት ቀን ብቻ፣ ሲስተር?”

“ክፍሉን ከክትባት ጋር ስለምንጋራ።”

“ሌላ ክፍል የለም?”

“አለ፤ የተሰባበረ አልጋና ወንበር ሞልቶበታል።”

“ለምን አልተወገደም?”

“የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ስላልተሰበሰበ።”

“ሰብሳቢው ማን ነው?”

አዋላጇ መልስ አልሰጠችም። ኃላፊው ራሳቸው “እኔ ነኝ” አሉ። ማርከሩን ተቀብለው ባዶ በነበረው ወገን “ኮሚቴውን መጥራት” ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ የሌሎቹም ቡድኖች ወረቀት መሙላት ጀመረ። አንዱ የተራ አጠባበቅን፣ ሌላው የመድኃኒት ጥያቄ በወቅቱ አለመላኩን አነሳ።

የመድኃኒቱና የአምቡላንሱ ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ወረዳውም ዞኑም ሊመልሱት ይገባል። ነገር ግን የዛሬው አዳራሽ ያሳየኝ፣ ከበላይ የሚጠበቀው እስኪመጣ በአንድ ኃላፊ ፊርማ የሚፈታው ችግርም አብሮ ተቆልፎ እንደሚቀመጥ ነው። ኃላፊው ሰነፍ ሆነው አይመስለኝም። አዋላጇ የምታውቀውን የሚጠይቃት፣ እሳቸውንም እንዲጠይቁ ያስተማራቸው አልነበረም።

ማታ ራት ሳይቀርብ ኃላፊው ለንብረት ክፍላቸው ደውለው የዕቃው ዝርዝር እንዲዘጋጅ አዘዙ። አንድ ቀን ይህን ካስገኘ፣ ጎበዝ ሐኪምን ወይም ነርስን ኃላፊ አድርገን ስንሾም ሥልጠናውን ከሹመቱ ጋር አብረን ልንሰጥ ይገባል። ዓመታት እስኪያልፉ ብንጠብቅ፣ በዚያ መሐል ዋጋውን የሚከፍሉት “ማክሰኞ ነይ” ተብለው የተመለሱት እናቶች ናቸው።